አሥራ ሁለተኛዋ ጭረት

መካነ ሰላም መጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ እኔን አንብባችሁኛል። ከመናኸሪያው ጀምሮ እስከ ላይኛው ሰፈር ድረስ የተሰቀለው ሰሌዳ፣ «ሥጋ ቤት» የሚለውም፣ «የወንዶች ፀጉር ማስተካከያ» የሚለውም፣ «እዚህ አጥር ሥር መሽናት ክልክል ነው» የሚለውም የእኔ እጅ ነው። የመጨረሻውን እንኳ አንብቦ የታዘዘ ሰው እስካሁን አላየሁም። ስሜን የማያውቅ ሰው ሳይቀር «ሐ»ዬን ያውቃታል፤ መካከለኛዋን እግር ዘለግ አድርጌ ነው የማቆማት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ሚስት የለኝም፤ ፊደሎቼ ግን በየሰዉ በር ላይ ኑሮ ይዘዋል።

ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። ተኩራርቼ ጨርሻለሁ። እንዲህ ያለው ባለሙያ አንዲት ፊደል ለመጻፍ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተንገላታ ብዬ ብነግራችሁ «ቀልድህን ተው» ስለምትሉኝ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ቻይናዎቹ መንገድ ሊሠሩ መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ካምፕ ሲሠሩ ሰሌዳ አዘዙኝ። ከላይ በአማርኛ «ዝግ ብለህ ንዳ»፣ ከሥሩ ደግሞ ያንኑ በራሳቸው ፊደል። የራሳቸውን በወረቀት አትመው ሰጡኝ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ አየሁትና ምን ይከብዳል አልሁ። ነጥብ ቀላል ስለሆነች የመጀመሪያውን ፊደል ከነጥቧ ጀመርሁ። ቀጥዬ የግርጌውን፣ ከዚያ የጎኑን፣ ባዶ ቦታ ባየሁበት ሁሉ ቀለም እየሞላሁ ሽቅብ ወጣሁ። ጠጋ ብዬ ሳየው ትንሽ የታረዘ መሰለኝና ከአንዳንዱ እግር ሥር አጭር መስመር አስምሬ እንደ እኛ ፊደል ጫማ አደረግሁለት።

በዚህ መካከል አንድ ኢንጂነር ከኋላዬ ቆሞ ኖሮ ጮኸ። የአድናቆት ጩኸት መስሎኝ ብሩሼን እንደያዝሁ አንገቴን በትሕትና ደፋሁ። ሰውየው ጩኸቱን ጨመረ፤ እኔም ትሕትናውን ጨመርሁ። እንዲህ ስንጨማመር ከቢሮው አንዲት ቢጫ የብረት ቆብ ያደረገች ሴት እየሮጠች ወጣች።

ትርንጎን ያየኋት ያን ጊዜ ነው። የዚሁ የወረዳችን የቦረና ልጅ ናት፤ አባቷ አያ ካሳው ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያሉ ገበሬ ናቸው። አዲስ አበባ ሄዳ ቻይንኛ ተምራ፣ አስተርጓሚ ሆና መመለሷን ሰምቼ ነበር። ስትስቅ ምን እንደምትመስል ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«ምን እያለኝ ነው?» አልኋት።

«‘ይህ ሰውዬ እየጻፈ አይደለም፣ ሥዕል እየሣለ ነው’ እያለህ ነው።»

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው?»

«እያንዳንዷ ጭረት ተራ አላት። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። አንተ ከነጥቧ ጀመርህ፤ የዚህ ፊደል ነጥብ ግን የመጨረሻዋ ናት።»

«ቦታዋ እዚያው አይደለም እንዴ?»

«ቦታዋስ ነው፤ ጊዜዋ ነው ያልደረሰው» አለችና ሳቀች።

ሰሌዳውን ፍቄ እንደገና ስጽፍ ሳምንት ፈጀሁ። እውነቱን ለመናገር በሁለት ቀን አልቆ ነበር፤ የቀረውን አምስት ቀን የፊደሎቹን ጫማ በማስወለቅ አሳለፍሁት። ከዚያም በኋላ ከካምፑ የሚያርቀኝ ጠፋ። «አደጋ»፣ «ቁም»፣ «ሳይፈቀድ መግባት ክልክል ነው» እያልሁ ስጽፍላቸው ከረምሁ፤ የመጸዳጃ ቤታቸውን ሰሌዳ እንኳ ሳይደበዝዝ ደብዝዟል ብዬ ሁለት ጊዜ አደስሁት። ትርንጎ እየመጣች ከአጠገቤ ትቆማለች፣ ታርመኛለች፣ ትስቃለች። አንድ ቀን ሳትስቅ የሄደች እንደሆነ እኔ ያን ቀን እህል አይበላልኝም።

ነገሩ ሲብስብኝ ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው የኔታ ጥበቡ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ልጅ ሆኜም ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ። ሁለተኛው አያ ሰይድ ነው፤ ከሱቄ ጎን የሚሰፋ ልብስ ሰፊ። በእኛ አገር ለሽምግልና እስላም ክርስቲያን አይባልም፤ አፉ የሚጣፍጥ ይላካል። አያ ካሳው በመጀመሪያው ቀን «ከዘመድ ልምከር፣ ሌላ ቀን ኑ» አሉ። ይህ ደንብ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ለማስወጣት የቸኮለ ይመስላል። በሁለተኛውም ቀን «ሌላ ቀን ኑ» አሉ፤ ይህም ደንብ ነው። በሦስተኛው ግን «ልጄ የተማረች ናት፤ ቃሉን ለሷ ትቼዋለሁ» አሉ። ይህ ደንብ አልነበረም፤ የኔታ መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርሙ መጡ።

በዚያው ሰሞን እዚህ ያለው ሥራ አልቆ ካምፑ ሊነሣ ሆነ። የሚሄደው ሁለት ቀን በመኪና ወደሚያስኬድ ቆላ ነው። ትርንጎ ከመሄዷ በፊት ሱቄ መጣች፤ ቆቧን በእጇ ይዛለች።

«አባቴ መልሱን ለኔ ተውልኝ» አለች።

«ታዲያ?» አልሁ። ከዚህ የረዘመ ነገር ለመናገር ትንፋሽ አልነበረኝም።

«መልሴ አንዲት የቻይና ፊደል ናት። አሥራ ሁለት ጭረት አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ እደውልልህና አንዳንድ ጭረት እነግርሃለሁ። አንዷን በደንብ ሳትለምድ ሌላዋን አልሰጥህም።»

«አሁን በአማርኛ ብትነግሪኝስ?»

«አሁን ብነግርህ ትሰማዋለህ እንጂ አታውቀውም። አንተ ያየኸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀለም መሙላት ትወዳለህ።»

ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው እንዳልጠይቅ፣ ኢንተርኔት ላይም እንዳላፈላልግ አስማለችኝ። መሐላው አልከበደኝም። የእኔ ስልክ ቁልፍ ያላት፣ ባትሪዋ ሳምንት የምትቆይ፣ ከመደወልና ከመብራቷ በቀር ሌላ ዓለም የማታውቅ ናት።

ናፍቆትን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ለካ አላውቀውም። በተነሡ ማግሥት ካምፑ የነበረበት ሜዳ ላይ ሄጄ ቆምሁ። ቤቶቹ ተነቅለዋል፣ አጥሩ የለም፣ የቀረው የእኔው ሰሌዳ ብቻ ነው፤ አንድም መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ «ዝግ ብለህ ንዳ» ይላል። እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስሁ፤ አይቶኝ የሄደ አንድ በግ ነጋዴ ለከተማው ሁሉ «ሰሌዳው እምቢ ብሎት ያለቅሳል» ብሎ አወራብኝ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ደረሰች። እሷ ዘንድ ኔትወርክ የሚገኘው ከካምፓቸው ጀርባ ያለው ዳገት ላይ ነው፤ ስትደውል ገና ትንፋሿ አልተመለሰም።

«ከላይ ጀምር። ወደ ግራ ዘንበል ብላ ትወርዳለች። ንፋስ ያጋደላት የሣር ቅጠል ናት፤ ጫፏ ይቅጠን። ጻፍህ?»

«ጻፍሁ።»

«አምስት መቶ ጊዜ ጻፋት» አለችና መስመሩ ተቆረጠ።

በወረቀት አልበቃ አለኝ። የሱቄን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ከዳር እስከ ዳር በዘንባላ ጭረት ሞላሁት። አያ ሰይድ ክብሪት ሊጠይቅ ገብቶ ቀና አለና «አንተ፣ ቤትህ ውስጥ ዘነበ እንዴ?» አለኝ። የኔታ ግን መጥተው ነገሩን ከሰሙ በኋላ በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«አስተማሪ ናት! እኔ ‘ሀ’ን ሳታውቅ ‘ሁ’ን ሰጥቼህ አውቃለሁ?»

«የለም የኔታ።»

«ታዲያ ምን ያነጫንጭሃል?»

ሁለተኛዋ አጭር አግዳሚ ናት። ሦስተኛዋ ጠብ ያለች ጠብታ። በመካከሉ ኔትወርኩ እየተበላሸ ባዶ የሚያልፍ ቅዳሜ አለ። «ሃሎ» ትላለች፤ «ሃሎ» እላለሁ፤ «ይሰማሃል?» ትላለች፤ «ይሰማሻል?» እላለሁ፤ ከዚያ ይቋረጣል። ከሃሎ በቀር ሌላ ያልተባባልንበት ቅዳሜ ብዙ ነው። እሱም ጥሩ ቅዳሜ ነበር።

አራተኛዋን ስትነግረኝ የመጀመሪያዋን ደገመችልኝ።

«ተሳስተሻል፤ ይህችንማ ነግረሽኛል» አልሁ በኩራት።

«አልተሳሳትሁም። ያችኑ፣ ከጎኗ።»

አምስተኛዋና ስድስተኛዋም እንደዚያው ሆኑ። ስድስቱን ጭረት ጨርሼ ራቅ ብዬ ሳየው ሁለት አንድ ዓይነት ነገር ጎን ለጎን ቆሟል። ልቤ ዘለለች። ግራው እኔ ነኝ አልሁ፤ ጎበጥ ይላል። ቀኙ እሷ ናት፤ ቀና ያለች ትመስላለች። ወረቀቱን ይዤ ወደ አያ ሰይድ ሮጥሁ።

«ወላሂ ኒካህ ነው!» አለ መቀሱን ጥሎ። «ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

«ቀስ በሉ» አሉ እዚያው ተቀምጠው የነበሩት የኔታ። «ገና ስድስት ይቀራል። በስድስት ጭረት ውስጥ ስንት ባልና ሚስት ይጣላል።»

ሰባተኛዋ ከሁለቱ ሥር የተጋደመች መስመር ሆነች። ስምንተኛዋ እሷን ሰንጥቃ ቀጥ ብላ ወረደች። የኔታ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁና ግንባራቸውን አስነክተው ሳሙት። መስቀል ነበር። ዘጠነኛዋ ረዘም ብላ ከመስቀሉ ሥር ስትነጠፍማ የሚያቆማቸው ጠፋ።

«መስቀል ከነመቆሚያው! ከላይ ሁለት ሰው፣ ከሥራቸው መስቀል። ይህ ተክሊል ነው፤ ልጅቷ በቤተ ክርስቲያን ካልሆነ አላገባም ማለቷ ነው። ጨዋ ልጅ!»

ወሬው ከሱቄ ወጥቶ ከተማውን ያዳረሰው ያን ጊዜ ነው። ሰው ሰላምታውን ቀየረብኝ። እንዴት አደርህ፣ ከብት እንዴት ነው፣ ሰላም ነው ወይ የሚባለው ቀርቶ «ስንተኛዋ ደረሰች?» ሆነ። ሻይ ቤቱ ስገባ አስተናጋጇ ሳትቀር በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ትጽፍልኛለች። አሥረኛዋ እንደገና አግዳሚ፣ አሥራ አንደኛዋ ቀጥ ብላ ወርዳ ጫፏ ወደ ግራ የምትቆለመም ሆነች። አያ ሰይድ በልብስ ሰፊ ዓይኑ አይቶ ፈረደ። «ይህች የልብስ መስቀያ ናት። የሙሽራዋ ቀሚስ ይንጠለጠልባታል። ቀሚሱን እኔ ነኝ የምሰፋው፤ አብሽር!»

አሥራ አንደኛዋን በነገረችኝ ቅዳሜ ትርንጎ «አንድ ቀረች። ትንሽ ናት። ለቅዳሜ እነግርሃለሁ» አለችኝ። ልትዘጋ ነው ስል «ደህና ነህ ግን?» አለች። እስከዚያን ቀን ድረስ ከጭረት በቀር የጠየቀችኝ ነገር አልነበረም። ደህና ነኝ አልኋት፤ ደህና አልነበርሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኔትወርክ ጨርሶ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ የሚያውቁት አይናገሩም፤ የሚናገሩት አያውቁም። ከተማው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ እየቀሰረ ሲዞር ሰነበተ፤ በኋላ ሰለቸውና ተወው። እኔ ግን ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ እወጣለሁ። እዚያ ሆኜ ስልኬን ከፍ አደርጋለሁ፣ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ወደ ጆሮዬ አስጠጋለሁ። የምታሰማኝ ነገር አልነበራትም። ለምን አልሄድህም ትሉኝ ይሆናል። መንገዱም እንደ ስልኩ ነበር፤ አንድ ቀን ቢከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል። ደግሞስ ሄጄ ምን ልላት ነው? አንዲት ጭረት ጎድላኝ መጣሁ?

ይህ ሲሆን እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ። ኩታበር በኩል ከሚኖሩ ዘመዶች ዘንድ አንዲት ደህና ልጅ አስጠይቃ ኖሯል። የኔታን ያዘቻቸው፤ የኔታም እኔን ያዙኝ።

«እህቴ ታለቅሳለች። እስከ ጥር መልስ ካልመጣ ሽማግሌነቴን ወደ ኩታበር አዞራለሁ።»

«ፊደሏ አላለቀችም የኔታ።»

«አንዲት ጭረት ናት የቀረችው!»

«አንዲትም ብትሆን መልሱ እሷ ውስጥ ቢሆንስ?»

የኔታ አሰቡና ሌላ መላ አመጡ። ከአሥራ ሁለት አሥራ አንድ ከተገኘ ቃል አይባልም ወይ? መስቀሉ ከታየ ምን ቀረ? ፊደሏን ይዘን አባቷ ዘንድ እንሂድና እንቁረጠው አሉ። በደንቡ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ እኔ ግን ፊደሉን የማስረዳው እኔ ስለሆንሁ ተከተልሁ። በቦረና ታሪክ ከራሱ ሽማግሌዎች ኋላ የተጎተተ የመጀመሪያው ባል ፈላጊ እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ለነገሩ ባል ፈላጊስ የሚባለው ሴቷ ናት፤ ያን ያህል ተምታቶብኝ ነበር ማለቴ ነው።

አያ ካሳውን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። የኔታ ወረቀቱን ዘርግተው ሁለቱን ሰዎች፣ መስቀሉንና መቆሚያውን አስረዱ። አያ ሰይድ መስቀያውን ጨመረበት። አያ ካሳው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«እኔ የቻይና ፊደል አላውቅም» አሉ። «ልጄን ግን አውቃታለሁ። እምቢ ለማለት ይህን ያህል አትደክምም።»

ከተቀመጥሁበት ብድግ አልሁ።

«እሺ ለማለትም ይህን ያህል አታዘገይም» አሉ።

ተመልሼ ተቀመጥሁ።

«ሙሉ ነው ወይስ ጎደሎ?»

«አንዲት ጭረት ይጎድለዋል» አልሁ፤ የኔታ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

«እንግዲያው ጎደሎ ቃል አልቀበልም። ሲሞላ ኑ።»

ልንነሣ ስንል ወረቀቱን ስጠኝ አሉኝ። በዚያ ሻካራ ጣታቸው ጭረቶቹን አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

«ይህን የጻፈችው እሷ ናት?»

«እኔ ነኝ አያ ካሳው። እሷ በስልክ እየነገረችኝ።»

«በየቅዳሜው ታናግርህ ነበር?»

«አዎን።»

«እዚህ እኛ ቀበሌ ድሮም ስልክ አይሰማ» አሉ። «ድምጿ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

ወረቀቱን ለመመለስ አልቸኮሉም። እስከዚያች ቀን ድረስ ትርንጎን የምናፍቃት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሱቄ ስገባ ሌላ መላ ሳጣ ቀለም በጠበጥሁና ፊደሏን የሱቄ በር ላይ በትልቁ ጻፍኋት። ከላይ ጀምሬ፣ ከግራ ጀምሬ፣ በተራዋ፣ አሥራ አንዱን። የቀረችው የት እንደምትገባ አላውቅም፤ ባዶ ቦታ በሦስት በኩል አለ፤ ሦስቱንም ባዶ ተውኋቸው። አላፊ አግዳሚው እየቆመ «እዚህ ጋ ብታደርጋትስ?» ይለኛል። አንድ ባለባጃጅ እንዲያውም ብሩሼን አንሥቶ ሊያደርጋት ሲል እጁን ያዝሁት። ቦታዋን ብንገምትም ጊዜዋ አይደለም አልሁት። ባለባጃጁ አዘነልኝና ያችኑ ጎደሎዋን ከባጃጁ ኋላ እንድጽፍለት ለመነኝ። እሱን ያዩ ሌሎች ሁለት ባጃጆች መጡ።

ከዚያ ይመር መጣ። ይመር ጤፍ ጭኖ አገር ላገር የሚዞር የጭነት መኪና ሹፌር ነው።

«ምን ማለት ነው?» አለኝ በሩን እያየ።

«አላለቀም።»

«ጥሩ፤ መኪናዬም አላለቀችም። ኋላዋ ላይ በትልቁ ጻፍልኝ።»

ስጽፍለት አንድ ነገር አስቤ ነበር። ጠይቃችሁኝ ቢሆን ግን ለማሳመር ነው እላችሁ ነበር። በኅዳር ጤፉን ጭኖ ወጣ፤ ከዓይኔ እስኪሰወር በር ላይ ቆሜ አየሁት።

ታኅሣሥ አለቀ። ጥር ገባ። ጥምቀት አለፈ። የኔታ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ኩታበር ሊሄዱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው፣ አያ ሰይድን ሊጠሩ ወደ ሱቄ መጡ። አያ ሰይድም አዲሱን ኮቱን ለብሷል። ሁለቱም ዓይን ዓይኔን አያዩኝም። እኔ ብሩሾቼን ታጥበው ሳሉ እንደገና አጥባለሁ። «ወንድሜ፣ ዕድሜህም ሄደ እኮ» አለኝ አያ ሰይድ በቀስታ። እውነቱን ነው፤ ሄዷል። በዚያች ሰዓት ተስፋዬ ተቆርጦ ነበር። ሂዱ ልላቸው አፌን ከፈትሁ።

በዚህ መካከል አንድ መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ ወደ ሱቄ የኋሊት መጣ። የይመር መኪና ነበር። ኋላዋ ሲጠጋን ፊደሏን አየኋት፤ አቧራ ለብሳለች፤ ከቁልምሟ በስተግራ፣ ከአግዳሚዋ ሥር፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ተቀምጣለች። ቀለሟ የእኔ ቀለም አይደለም። ጠጋ ብዬ አሸተትኋት። ሬንጅ ናት።

ይመር ከመኪናው ዘሎ ወረደ። «ውሃ ስጡኝ፣ ልንገራችሁ። ጤፉን አራግፌ ሲሚንቶ ጭኜ ቆላ ወረድሁ። መንገድ የሚሠራበት ቦታ ላይ አስቆሙን። ቆሜ ሳለ ከኋላ ሰው ይጮኻል። ወርጄ ሳይ ቢጫ ቆብ ያደረገች ሴት መኪናዬን ይዛ ቆማለች። ‘ይህን ማን ጻፈው?’ አለች። ‘መካነ ሰላም ያለ ሰው’ አልኋት። ‘ሲጽፍ አይተኸዋል? ከየት ጀመረ?’ አለች። ‘ከላይ፣ ከግራ’ አልሁ። ‘ጫማ አላደረገለትም?’ አለች። የምን ጫማ? እኔ ያመማት መሰለኝ። ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ዳገቱ መልሳ ብዙ ቆየች። ‘ስልኩ እምቢ ብሎኝ ነው። በየቅዳሜው ግን ዳገቱን እወጣለሁ በለው’ አለች። ከዚያ ከሬንጁ በርሜል በእንጨት ቆንጥራ ይህችን ነጥብ አደረገችና ‘አሁን አለቀ በለው’ አለችኝ።»

«ምን ማለት ነው?» አልን ሦስታችንም በአንድ ቃል።

«‘ጠብቀኝ’ ማለት ነው አለች።»



«ሁለቱ ሰዎችስ?» አለ አያ ሰይድ።

«እነሱንም ነግራኛለች። ከላይ ያሉት ሁለቱ ቀርከሃ ናቸው አለች።»

«መስቀሉስ?» አሉ የኔታ፤ ድምፃቸው ቀጠነ።

«አፈር ነው።»

«መስቀያዬስ?» አለ አያ ሰይድ።

«ስንዝር። ቀርከሃ፣ አፈር፣ ስንዝር አለች። ‘እሱ ይገባዋል’ አለች።»

ገባኝ። ቀርከሃን ከአፈር ውስጥ ጎትቶ የሚያወጣው የለም፤ ስንዝር በስንዝር ነው የሚወጣው። ቻይናዎቹ ፊደሏን ሲፈጥሯት እንደዚያ አስበው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን እንደዚያ አነበብኋት። የገመትነው ሁሉ አልሆነም፤ ትርንጎ እሺም አላለችኝ፣ እምቢም አላለችኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን ብዬ ሳስብ እንባዬ ቀደመኝ።

የኔታ ወደ ሱቁ ገቡና ግድግዳውን ዞረው አዩት። ዘንባሎቹን፣ አግዳሚዎቹን፣ ከጣሪያ እስከ ወለል አሥራ አንድ አሥራ አንድ ጭረት የያዙትን ፊደሎች።

«ስንት ጊዜ ጻፍኻት?»

«ምን አውቄ የኔታ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ግድግዳ እስኪጠፋ።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ‘ጠብቀኝ’፣ ‘ጠብቀኝ’ ስትልህ ነው የከረመችው።»

«አላወቅሁም ነበር።»

«ማወቁን ተወው፤ አድርገኸዋል» አሉና አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን ከግድግዳው አስደገፉት። «አያ ሰይድ፣ ኩታበር ይቆየን። ለእህቴ እኔ እነግራታለሁ።»

ልብሳቸውን ለብሰው ተዘጋጅተው ከመጡ አይቀር ይመርን ይዘን በዚያው ወደ አያ ካሳው ወጣን። ሞልቷል ብለን ነገርናቸው፤ ትርጉሙንም ነገርናቸው። አያ ካሳው ስለ ቃሉ ብዙ አልጠየቁም። ይመርን ነበር የጠየቁት፤ ከስታለች ወይ፣ ፀሐዩ አጥቁሯታል ወይ፣ ስትስቅ እንደ ድሮዋ ነው ወይ። ይመር ሁሉንም መለሰላቸው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩና «እንግዲህ ጠብቅ ተብለሃል፤ እኔም እዚሁ ነኝ፣ ብቻህን አይደለህም» አሉኝ። በሽምግልና ታሪክ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም፤ የኔታ ግን ይህኛው ደንብ ነው አሉ።

ሦስቱ ባጃጆች ነጥባቸውን አስደረጉ። የሱቄ በር ላይ ያለችውንም ጨረስኋት። የይመርን ግን አልነካኋትም። ሬንጁ በፀሐይ እየቀለጠ ትንሽ ወደ ታች ወርዷል፤ ይመር «አስተካክልልኝ እንጂ፣ መኪናዬን አቆሸሸችው» ይለኛል። ሰሌዳ ጸሐፊ ሆኜ ያላስተካከልሁት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ይመር እንደገና ወደ ቆላ ሊወርድ ጭኖ መጣ። ቆይ አልሁትና ብሩሼን አንሥቼ ከፊደሏ ሥር፣ በራሴ ፊደል፣ በደህናው እጄ፣ «እ» ብዬ ጻፍሁ። ጫማም አላደረግሁላት። «ሺ»ን ሲመለስ እጽፍለታለሁ፤ እሷም እስከዚያ መኪናውን ትጠብቅ።

ይመር ወርዶ ኋላውን አየና ግራ ገባው።

«‘እ’ ብቻ? ምን ማለት ነው?»

«አላለቀም» አልሁት።